የምትወድቀዋ ኖታ

ማሳኤ ኩጋ ያን እሑድ ሦስት ጊዜ ልብስ ለወጠች። ጥቁሩን ለበሰችና «ለቀብር ነው እንዴ የምሄደው!» ብላ ወረወረችው። አረንጓዴው ደግሞ ፊቷን የበሽተኛ ፊት አስመሰለባት። በመጨረሻ ግራጫውን ለበሰች፣ እናቷ የሰጠቻትን የዕንቁ ሐብል አንገቷ ላይ አሰረች፣ መስታወት ፊት ቆማም ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ቀና ብላ ትንሽ ፈገግ አለች። እንደገና እጅ ነሳች። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰው ቢያያት ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ግን ምን ታድርግ? ዛሬ በሁለት ሺህ ሰው ፊት ስሟ ሊጠራ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ቶኪዮ፣ ካንዳ ሰፈር፣ ከአንድ ኑድል ቤት በላይ፣ የቪዲዮ ጌም የሚሠራ አነስተኛ ኩባንያ ነበር። ማሳኤ ከሙዚቃ ትምህርት ቤት እንደወጣች እዚያ ተቀጠረች። ሙዚቃ ስላችሁ ታዲያ ፒያኖና ቫዮሊን እንዳይመስላችሁ! የያኔው ማሽን በአንድ ጊዜ ከሦስት ድምፅ በላይ አይወጣውም። ዜማም የሚጻፈው በቁጥር ነው። እያንዳንዷ ኖታ የራሷ ቁጥር አላት፤ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥቅጠህ ታስገባለህ፣ ማሽኑ ያንን ይጮኻል። ከታች የሚመጣው የሾርባ ሽታ እየሸተታት፣ ማሳኤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስትቀጠቅጥ ትውላለች።

ያኔ ኩባንያዎቹ አንዱ የሌላውን ሠራተኛ እያባበለ ይወስድ ነበርና፣ የሠሪዎቹን እውነተኛ ስም ጌሙ መጨረሻ ላይ ማውጣት ክልክል ነበር። ሁሉም ቅጽል ስም ይወጣለታል። አንዱ «ጢሞ» ተባለ፣ አንዱ «እንቅልፌ»። ማሳኤ ደግሞ ለምሳዋ በየቀኑ ሰሊጥና ጨው የተነሰነሰበት የሩዝ ድቡልቡል ስለምታመጣ «ጎማሺዮ» አሏት፤ ሰሊጥ በጨው ማለት ነው። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ፣ ስሙም ጸደቀ።

«የዘጠኙ ድልድዮች አገር» የተባለው ጌም ሲወጣ ያ ስም አገር አዳረሰ። ተጫዋቹ ደክሞት ጌሙ ውስጥ ወዳለችው የእንግዶች ማደሪያ ሲገባ የምትሰማ አንዲት ለስላሳ ዜማ ነበረች፤ ሁለት ዙር ትሄድና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ታዲያ ሁለተኛው ዙር ላይ አንዲት ኖታ፣ ከሚጠበቀው ቦታ ዝቅ ብላ ዱብ ትላለች። ያቺን ኖታ ሰምቶ ያላለቀሰ ልጅ የለም ይባላል። እነዚያ ልጆች ዛሬ የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የልጅ አባት ሆነዋል፤ ስለ ጎማሺዮ ማንነት ግን አሁንም እንደተጨቃጨቁ ነው። «ወንድ ነው!» «የሞተ ሰው ነው!» «ሦስት ሰዎች ናቸው!» ማሳኤ ይህን ሁሉ ታነባለች፣ ትንፍሽ ግን አትልም። አፏን እንድትይዝ ፈርማለች።

የድምፅ ክፍሉ አለቃ ኪይቺ ታዶኮሮ ነበሩ። እሳቸው ቶሎ ነቅተው ወደ አኒሜ፣ ወደ ካርቱን ፊልም ሥራ ተሻገሩ፣ ማሳኤንም ይዘዋት ሄዱ። እዚያ ሥራ ማለት ከዳይሬክተሩ የሚመጣ ዝርዝር ነው። «ሐዘን ቁጥር ሁለት፣ አንድ ደቂቃ ተኩል።» «ሮጦ ማምለጥ፣ አርባ ሰከንድ።» «ወላጅ አልባዋ ሾርባ ስትጠጣ፣ ሃያ ሰከንድ።» ማሳኤ ትጽፋለች፣ ታዶኮሮ ይፈርማሉ። «ታገሺ ኩጋ፣ ተራሽ ይመጣል» ይሏታል። እሷም አሥራ ስምንት ዓመት ታገሠች። ወገቧ እምቢ ሲላት ወጣችና ኔሪማ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ፒያኖ ማስተማር ያዘች። ታዶኮሮ በበኩላቸው ሽልማት በሽልማት ሆኑ፤ ሰው ሁሉ «ሰንሰይ» ይላቸው ጀመር፣ መምህር እንደማለት። አልተቀየመቻቸውም። አንድም ቀን። ሐዘኗን ያዩላት እሳቸው ነበሩዋ!

እዚህ ላይ ስለ አባቷ መናገር አለብኝ። አባቷ ማትሱሞቶ አጠገብ ፖም የሚያለማ ገበሬ ነበር። ከተዘጋ ትምህርት ቤት ያገኘውን አሮጌ ኦርጋን በፖም መኪናው ጭኖ ያመጣላት፣ ከቶኪዮ ስትደውል «ዛሬስ ማሽኑን ምን አዘፈንሽው?» የሚላት ሰው ነው። አንድ የመጋቢት ቀን፣ ጌሙ ወደ ፋብሪካ ሊሄድ ሰዓታት ሲቀሩት፣ ማሳኤ የማደሪያዋን ዜማ ሁለተኛ ዙር እየቀጠቀጠች ሳለ ታዶኮሮ ከኋላዋ መጥተው ትከሻዋን ያዙ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። «ከአጎትሽ ተደውሎ ነበር። አባትሽ ከግማሽ ሰዓት በፊት ዐርፈዋል። በድንገት ነው» አሏት። ጣቷ ተንሸራቶ የአጠገቡን ቁጥር መታ። «ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው የቀረሽ፤ ጨርሺውና ትሮጫለሽ» አሏት። እንባዋን እየጠረገች ጨረሰች። የተሳሳተችውን ቁጥር አላየቻትም፤ ስታያት ጌሙ መቶ ሺህ ቤት ገብቶ ነበር።

እናቷ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም። በየዘመን መለወጫው፣ ሾርባው ሳይቀርብ ያው ጭቅጭቅ ይቀርባል።

«ጠዋት በአራት ሰዓት ደውዬልሻለሁ። በገዛ አፌ። 'አባትሽ ወድቋል፣ በሕይወት እንድትደርሺበት' ብያለሁ። ወንድ ነው ያነሳው፣ 'እነግራታለሁ' አለኝ።»

«እማዬ፣ የተደወለው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ያውም አጎቴ ነው የደወለው።»

«እሱ የሁለተኛው ነው! እኔ ሰዓት አላውቅም? ሽማግሌ ሞኝ ነኝ?»

ማሳኤ ያን ሰሞን ታዶኮሮን ጠይቃቸው ነበር። «ጠዋት የደወለ ሰው ነበር እንዴ?» እሳቸውም ዓይኗን እያዩ «ማንም አልደወለም ኩጋ። እናትሽ አይፈረድባቸውም፤ ሐዘን ሰዓት ያምታታል» አሏት። እሷም አመነች። ከእናቷ አፍ የአለቃዋን አፍ አመነች።

ታዶኮሮ ከሦስት ሳምንት በፊት ሲደውሉላት እንዲህ ነበር ያሉት፦ «ኩጋ፣ ጊዜው ደርሷል። ለጌሙ ሠላሳ አምስተኛ ዓመት በትልቅ ኦርኬስትራ ኮንሰርት ይደረጋል። ጎማሺዮ ማን እንደሆነ እዚያው ለሕዝብ እንነግራለን። ጥሩ ልብስ ልበሺ፤ ከፊት አስቀምጥሻለሁ።»

«እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንዎት…»

«ተዪ፣ ተዪ! የድሮ ሰዎች አይደለን?»

ልብ በሉ፣ «አንቺን እንጠራሻለን» አላሉም። እሷም «ማንን ሊጠሩ ነው?» አላለችም። እኛ ዘንድ አለቃህ የነበረ ሰው እንዲህ ሲልህ ዘርዝሩልኝ ማለት ፊቱ ላይ ጥርጣሬን መትፋት ነው። ያልተባለውን መስማት ጨዋነት ነው። ማሳኤ ደግሞ የጨዋ ልጅ ነች፣ ያልተባለውን ሰማች።

በማግስቱ ማትሱሞቶ፣ የአረጋውያን ቤት ያለችው እናቷ ጋ ሄደች። «እማዬ፣ አባዬ ሲሞት ምን ይዞኝ እንደቀረሁ ታያለሽ። በሚቀጥለው ስመጣ የኮንሰርቱን መጽሔት አመጣልሻለሁ» አለቻት። እናቷም ስምንት አሥርት ዓመት ባጠበባቸው ዓይኖቿ ሰርስራ አየቻትና «ስምሽ አለበት?» አለች። «አለበት» አለች ማሳኤ። የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ስሟ፣ እናቷ እጅ ላይ።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ማሳኤ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ከኮንሰርት በኋላ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቶ ሰላም ማለት ደንብ ነውና፣ ጭኗ ላይ ሞናካ የሚባል የቀይ ባቄላ ጣፋጭ የሞላበት ሳጥን ይዛለች። መጽሔቱን ገለጠችው። «ዜማ፦ ጎማሺዮ» ይላል፣ ከሥሩ ባዶ።

አስተዋዋቂዋ ወጣች። «ሠላሳ አምስት ዓመት ስንጠይቅ ኖረናል፤ ጎማሺዮ ማነው? እነሆ ዛሬ እዚሁ መካከላችን ናቸው። በጭብጨባ ተቀበሉልኝ!»

ማሳኤ የወንበሩን ክንድ ተደግፋ ከፊል ተነሳች።

ታዶኮሮ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አሉ።

ከኋላዋ ያለች ሴት «ይቅርታ፣ ከለሉኝ እኮ» አለቻት። ማሳኤ ተቀመጠች። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። እሷም አጨበጨበች፤ እጇ ከልማድ የተነሳ ራሱ ነው ያጨበጨበው። ምናልባት አሁን ይጠሩኛል፣ አለች በልቧ። ምናልባት እሳቸው ያስተዋውቁኝ ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ!

እኔ ግን ከዚህ በኋላ ለዚህ ሰው አንቱታ አይወጣኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ታዶኮሮ መላጣው በመብራት እያብረቀረቀ ማይኩን ያዘ። «አዎ፣ ጎማሺዮ እኔ ነኝ» አለ። «ሰዎች ስለምትወድቀዋ ኖታ ይጠይቁኛል። ዛሬ ልናገር። ያን ቀን ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ ስልክ ጮኸ፣ ብድግ አድርጌ አነሳሁት። አንዲት ሴት ናት፣ እያለቀሰች። 'አባት ወድቋል፣ ቶሎ ካልተመጣ በሕይወት አይገኝም' አለች። ጌሙ ግን ማታውን ፋብሪካ መግባት አለበት። አርባ ሰው ያለቀውን ሥራ እየጠበቀ ነው። ስልኩን ዘጋሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ቃሉን ስድስት ሰዓት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ላይ 'ሞተ' የሚል ስልክ መጣ። ጣት ተንሸራተተ። ያቺ ኖታ እንዲያ ነው የተወለደችው።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ታዶኮሮ ሁለቱም ሳይታወቀው ቀረ። ሕዝቡ መሐረብ አወጣ። ከኋላ ያለችው ሴት ተንሰቀሰቀች። ማሳኤ ግን እንባ የለ፣ ምን የለ፣ ደርቃ ቀረች። ስሟን መስረቁን ረሳችው። አባቷን መስረቁንም ረሳችው። ጆሮዋ ላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጠዋት፣ አራት ሰዓት።

ሰማችው እኮ! ለራሱ ገድል አድርጎ ያወራው፣ በእሷ ላይ ያደረገውን ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው እሱ ነው። ቃሉን ስድስት ሰዓት ሆዱ ውስጥ ይዞ፣ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ሻይ እየጠጣ ሲያያት ዋለ። ምሳ ሰዓት ላይ የሩዝ ድቡልቡሏን ቆርሳ ሰጥታው ነበር፤ በልቶ «ጨው በዝቷል» ብሎ ቀልዶባታል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ኦርኬስትራው የማደሪያዋን ዜማ ጀመረ። የመጀመሪያው ዙር ገና መሃል ሳይደርስ ኖታዋ ወደቀች። ማሳኤ ብንን አለች። ሁለተኛው ዙር ላይም ወደቀች። በሁለቱም ላይ አስገብቷታል! ዜማውን በወሬ እንጂ በጣቱ አያውቀውምና።

ሲያልቅ ሳጥኗን ይዛ ወደ ኋላ ክፍል ሄደች። እግሯ ራሱ ወሰዳት። ክፍሉ በአበባና በሰው ተሞልቷል። ታዶኮሮ ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ «ኩጋ! መጣሽ! እንዴት ነበር?» አለ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሀያሴ የሚባለው ወጣት የኦርኬስትራ መሪ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የኖታ ወረቀቱን ዘርግቶ መጣ።

«ሰንሰይ፣ ነገም ትርኢት ስላለን ልጠይቅዎት። በድሮው ጌም ኖታዋ የምትወድቀው ሁለተኛው ዙር ላይ ብቻ ነው። እርስዎ በሰጡኝ ላይ ግን በሁለቱም ትወድቃለች። ሰዎች መውጫው ላይ ይዘውኝ ነበር፤ ቀድማ ወደቀች እያሉ። የቱን ልያዝ?»

ታዶኮሮ ሳቀ። «አሃ፣ እሱን… ኩጋ ታስታውሳለች። የያኔ ረዳቴ ነበረች፣ ጎበዝ ልጅ። ንገሪው እስቲ ኩጋ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ብትመልስ ትክክለኛውን ነገር ሰጥታው ትሄዳለች፤ የቀረቻትንም ወስዶ «ጎበዝ ረዳት» ይላታል። ማሳኤ ወደ ሀያሴ ዞረች።

«ሰንሰዩን ይጠይቁ» አለች። «አባታቸው በስንተኛው ዙር እንደሞተ እሳቸው ነው የሚያውቁት።»

ታዶኮሮ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣት።

«ምን ነካሽ? ሰው ፊት?»

«ጠዋት ነው የተደወለው?»

«የቱ?»

«እናቴ። አራት ሰዓት ላይ ነው የደወለችው?»

ያኔ ነው የገባው። መላጣው ላይ ላብ ችፍ አለ። «ኩጋ፣ እንግዲህ… ፋብሪካው እየጠበቀ ነበር። ብትሄጂ አርባ ሰው ገደል ይገባ ነበር። ደግሞ አስቢው፣ ሄደሽ ቢሆን ያቺ ኖታ አትኖርም። ለሥራው ስል ነው።»

«ስሜንስ?»

«ሕዝብ የሚያውቀውን ፊት ነው የሚፈልገው። አዘጋጆቹ ናቸው ያሉት። አንቺ ለሰፈር ልጅ ፒያኖ ታስተምሪያለሽ፤ ስም ምን ያደርግልሻል? መጽሔቱ መጨረሻ ላይ ምስጋና ውስጥ አስገብቼሻለሁ እኮ!»

ማሳኤ በሠላሳ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለችው።

«አንተ፣ ስማኝ። የአባትህ ቀብር ላይ መዝገብ ይዤ በር ላይ እንግዳ ስቀበል የዋልኩት እኔ ነኝ። እጁን እንደያዝክ ነው የሞተው፤ ራስህ ነህ የነገርከኝ። 'እጁ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልለቀቅኩትም' ብለህ አልቅሰሃል። እኔም አብሬህ አልቅሻለሁ፣ የራሴን አስታውሼ።»

ማሳኤ ወደ ክፍሉ ተመለሰች፣ ሁሉም እያያት የጣፋጩን ሳጥን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ ብብቷ ሥር ከተተችና ወጣች። የሰጡትን ገጸ በረከት መልሶ መውሰድ በእኛ አገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ። አስተዋዋቂዋ «ወይኔ!» ስትል ከኋላዋ ተሰማት።

ሰኞ ከቶኪዮ፣ ከሺንጁኩ ጣቢያ የተሳፈረችበት የማትሱሞቶ ባቡር የሚነሳው ጠዋት አራት ሰዓት ነበር። ፈልጋ የቆረጠችው አይደለም፤ ትኬት ቤቱ የሰጣት ነው። መንገዱን ሁሉ ሰዓቷን እያየች ሄደች። የአረጋውያን ቤቱን በር ስትገፋ ሰባት ሰዓት አልሞላም። አባቷ የሞተው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የድሮው ባቡር ቀርፋፋ ቢሆንና አንድ ሰዓት ቢጨምርባት እንኳ ትደርስ ነበር፤ እጁን ይዛ ስለ ማሽኑ ዘፈን ልታጫውተው ትችል ነበር።

እናቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። «መጽሔቱስ?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

«ስሜ የለበትም እማዬ።» ሳጥኑን ፈትታ አንድ ሞናካ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። እናትየው ነክሳ አላመጠች። ትወቅሰኛለች ብላ ጠበቀች ማሳኤ። አልወቀሰቻትም።

«እማዬ» አለች ማሳኤ። «ጠዋት ነበር የደወልሽው። አንቺ ነሽ ልክ። ያነሳው ሰውዬ ሳይነግረኝ ዋለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ውሸታም ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ።»

እናቷ የሞናካውን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ አንድ በአንድ ለቀመች። ስትናገር ቁጣ አልነበራትም፤ ለዓመታት የያዘችውን ሸክም ለሚሸከምላት ሰው የምታቀብል ትመስል ነበር።

«አራት ሰዓት ከአምስት ነበር» አለች። «ስልኩን እንደዘጋሁ አባትሽ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብዬ 'ተነስታለች፣ መንገድ ላይ ናት' አልኩት። ገባው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ድረስ በሩን ሲያይ ነበር።»